የተሰጠዎትን ለይቶ ማወቅና በእምነት ማሳደግ፦ የ12 ሳምንት አሠራር

«እግዚአብሔር እኔን ለምን ፈጠረኝ?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ምእመን ብቻውን ቁጭ ብሎ ራሱን በመመርመር ሊመልሰው ይሞክራል። እንደዚያ የተገኘ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ምኞት ነው። ስጦታ የሚታወቀው ሥራ ላይ ሲውል፣ ያውም ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ነው። በማቴዎስ 25 ላይ አምስትና ሁለት መክሊት የተቀበሉት ባሪያዎች ወጥተው ነገዱበት፤ አንዱን የተቀበለው ፈርቶ ቀበረው። ልብ የማይባል ነገር ደግሞ አለ፦ አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው ከጌታቸው የሰሙት የምስጋና ቃል አንድ ዓይነት ነው (ቁጥር 21 እና 23)። ጌታቸው የሰጣቸው «ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ» ስለሆነ፣ የጠየቃቸውም በተሰጣቸው ልክ ነው። ስለዚህ ይህ አሠራር የተመሠረተው በሙከራ ላይ ነው፤ ይመዘግባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ።

የጊዜው አከፋፈል፦ 2 ሳምንት ምዝገባ፣ 2 ሳምንት መለየት፣ መጠየቅና ደንብ መጻፍ፣ 7 ሳምንት ሥራ፣ 1 ሳምንት ግምገማ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ባለ 50 ገጽ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ፣ እና አንድ የሚያማክሩት ሰው። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ አንመክረውም። ስልኩ ሲከፈት መልእክት ይጠብቅዎታል፣ አሥሩ ደቂቃም በሌላ ነገር ያልፋል። ከዚያም በላይ ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር በቀላሉ ይሰረዛል፤ ሰው ደግሞ የሚያሳፍረውን ዓረፍተ ነገር አሳምሮ መጻፍ ይወዳል። በወረቀት ላይ ስርዙ ራሱ ይታያል።

የሚያማክሩት ሰው የንስሐ አባት፣ መጋቢ ወይም በእምነት የበሰለ ታላቅ ሊሆን ይችላል። ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ምሥጢር ይጠብቃል ወይ? «ተሳስተሃል» ወይም «ተሳስተሻል» ለማለት አይፈራም ወይ? ከእርስዎ የሚፈልገው ጥቅም የለም ወይ? ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከቤተሰብና ከወዳጅ የሚለይ፣ ወይም «እኔ ያልኩህን ካላደረግህ እግዚአብሔር ይቀጣሃል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ፤ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን።

የጠዋቱ 15 ደቂቃ

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እስከ መጨረሻው የማይቋረጠው ይህ ነው። 3 ደቂቃ መዝሙረ ዳዊት፣ 5 ደቂቃ ከወንጌል አንድ አጭር ክፍል፣ 5 ደቂቃ ዝምታ፣ 2 ደቂቃ ልመና። ለመጀመሪያው ሳምንት መዝሙር 139 ይስማማል (በሰባ ሊቃውንት አቆጣጠር 138 ነው)፤ መዝሙረኛው በእናቱ ማኅፀን ስለ መሠራቱ አመስግኖ፣ በመጨረሻ «መርምረኝ» ብሎ ይጸልያል። ምስጋናውና ምርመራው በአንድ ጸሎት ውስጥ ነው ያሉት፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ መያዝ ግን የተለመደ ስሕተት ነው።

ዝምታው ላይ ሐሳብ ይበተናል። ይህ ለሁሉም የሚሆን ነው። የመጣብዎትን ጉዳይ በአንድ ቃል ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉና ተመለሱ፤ «ኪራይ»፣ «ሪፖርት»፣ «እናቴ» ብሎ ማስፈር ይበቃል። ሐሳቡን ለማባረር ከታገሉት አምስቱ ደቂቃ በትግል ያልቃል።

አንደኛ ደረጃ፦ ሳይቀይሩ መመዝገብ (ሳምንት 1 እና 2)

በእነዚህ 14 ቀናት ምንም አዲስ ነገር አይጀምሩ፤ የሚፈለገው እንዳሉ መታየት ነው። የአንድ ቀን መዝገብ አንድ ገጽ ይያዝ። ገጹን ከላይ ወደ ታች በአራት ዓምድ ይክፈሉት፦ ምን አደረግሁ፣ ጉልበት ሰጠኝ ወይስ ጨረሰኝ፣ ማን ተጠቀመ፣ በውስጤ ምን ተነሣ። በቀን ከ3 እስከ 5 መስመር ይበቃል።

አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «የታመመች ጎረቤት ጠየቅሁ፣ አንድ ሰዓት ቆየሁ / ሲጀመር ከበደኝ፣ ስወጣ ቀለለኝ / እሷ፤ መድኃኒቷን በሰዓት ከፋፍዬ ጻፍኩላት / ሌሎች ባዩኝ ብዬ ተመኘሁ»። የመጨረሻዋ ዓምድ ናት ዋጋዋ ከፍ ያለው። ሰውየው ሲታይ ርኅሩኅ ነው፤ ዓምዷ ግን መታየት እንደሚፈልግ ነገረችው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ይጻፋሉ። ሌላም ነገር አለበት፤ መድኃኒቱን በሰዓት ከፋፍሎ መጻፍ ማንም ያላዘዘው ሥራ ነው። ሳይታዘዙ የሚሠሩት ነገር ከማንኛውም መጠይቅ ይልቅ ስለ ስጦታዎ ይናገራል።

በዚህ ደረጃ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሰው መዝገቡን የጽድቅ ሪፖርት ሲያደርገው ነው። በ14 ቀን ውስጥ በአራተኛው ዓምድ አንድም የሚያሳፍር ነገር ካልተጻፈ ምዝገባው አልተሠራም፤ ለአንድ ሳምንት ይድገሙት።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መለየት (ሳምንት 3)

አሁን መዝገቡን ከመጀመሪያው ያንብቡና እያንዳንዱን መስመር ከሦስት ክምር በአንዱ ያስቀምጡ። የመጀመሪያው «የተሰጠኝ» ነው፦ ጠባይ፣ አካል፣ ዕድሜ፣ የተወለዱበት ቤት፣ ሳይማሩት የሚቀናዎት ሥራ። ሁለተኛው «የተማርኩት» ነው፦ ሙያ፣ ልምድ፣ መከራ ያስተማረው ነገር ጭምር። ሦስተኛው «የተዋስኩት» ነው፦ ሰው ስላደነቀው ወይም ወላጅ ስለፈለገው የያዙት፣ ነገር ግን የማይገጥምዎት።

ሦስተኛው ክምር ብዙ ጊዜ ይወፍራል። የሰው ወርቅ አያደምቅም የተባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም። በ1ኛ ሳሙኤል 17 ሳኦል ለዳዊት የራሱን ጥሩርና የናስ ቁር አለበሰው፤ ዳዊት ሊሄድ ሞከረና «አልለመድሁትም» ብሎ አወለቀው። መሞከሩ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፦ ዳዊት ልብሱን ለብሶ አይቶታል። የሌላውን ሰው አጸላለይ፣ አሰባበክ ወይም አገልግሎት መሞከር ነውር አይደለም። ጉዳቱ እንደማይሆን እያወቁ ለብሶ መቆየቱ ነው። መዝገብዎ ላይ «ጨረሰኝ» ተብሎ ከሦስት ጊዜ በላይ የተደጋገመና ማንም ያልተጠቀመበት ሥራ ካለ፣ ተውሶ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። «ጨረሰኝ» ተብሎ ሰው የተጠቀመበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሕፃን ማሳደግና በሽተኛ ማስታመም ሁልጊዜ ይጨርሳሉ፤ ይህ ግዴታ እንጂ ተውሶ አይደለም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው መለየት ይመጣል፦ ጠባይና ኃጢአት። «እኔ እንደዚህ ነኝ» የሚለው አባባል አንዳንዴ ትሕትና፣ አንዳንዴ ምሽግ ነው። ዝምተኝነት ጠባይ ነው፤ ሰው ሰላም ሲልዎት ፊት ማዞር ጠባይ አይደለም። ግልጽ ተናጋሪነት ጠባይ ነው፤ ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ አይደለም። ጥንቃቄ ጠባይ ነው፤ እጅ አጥፎ መቆንቆን አይደለም። መፈተኛው ገላትያ 5፥22-23 ላይ ያሉት ዘጠኙ የመንፈስ ፍሬዎች ናቸው፦ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የውሃት፣ ራስን መግዛት። ስጦታ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ፍሬው ግን ከሁሉም ይጠበቃል። ማንም ሰው «የእኔ ስጦታ ማስተማር ስለሆነ ትዕግሥት አይመለከተኝም» ማለት አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ «ጠባዬ ነው» ላሉት ነገር ይህን ይጠይቁ፦ ይህን ጠባይ እንደያዝኩ ዘጠኙን ሁሉ ልፈጽም እችላለሁ? ከቻሉ ጠባዩን ይያዙት፣ ያሠልጥኑት። ካልቻሉ ኃጢአት ጠባይን ለብሶ ነው የመጣው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሦስት ሰው መጠየቅ (ሳምንት 3 መጨረሻ)

አንድ ከቤተሰብ፣ አንድ አብሮ የሚሠራ፣ አንድ ከእምነት ማኅበርዎ ይምረጡ። የሚወዱዎትን ብቻ ከመረጡ ምስጋና ሰብስበው ይመለሳሉ። «ስጦታዬ ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ሰው በትሕትና «አንተማ ሁሉም አለህ» ይላል። በዚህ ፈንታ ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ፦

«ምን ዓይነት ችግር ሲገጥምህ ወደ እኔ ትመጣለህ?»
«ምን ዓይነት ችግር ሲገጥምህ ወደ እኔ አትመጣም?»

ሁለተኛው ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ ዝም ይበሉ። አያስረዱ፣ አይከላከሉ፤ «አመሰግናለሁ» ብለው ይጻፉት። መልሱ ቢያቆስል ከ3 ቀን በፊት ምላሽ አይስጡ።

ከዚያ የተገኘውን ሮሜ 12፥6-8 ላይ ከተዘረዘሩት ሰባቱ ጋር ያስተያዩ፦ ትንቢት፣ አገልግሎት፣ ማስተማር፣ መምከር፣ መስጠት፣ ማስተዳደር፣ ምሕረት። ዝርዝሩ ሙሉ አይደለም፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 12 ሌሎችን ይጨምራል፣ ዘጸአት 31 ደግሞ ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በእንጨት ሥራ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደሞላበት ይናገራል። የእጅ ጥበብ ያለው ሰው ራሱን ከዝርዝሩ ውጭ እንዳይቆጥር ይህ ምዕራፍ ሊነበብ ይገባል፤ በስብከት ላይም እምብዛም አይሰማም።

አራተኛ ደረጃ፦ አንድ አገልግሎት፣ አንድ ድክመት

ከሁለት ነገር በላይ አይያዙ። አንደኛው የሚሞክሩት አገልግሎት፣ ሁለተኛው የሚዋጉት ድክመት ነው።

አገልግሎቱ በሳምንት 2 ሰዓት፣ ለ7 ሳምንት ይሁን። ዳንኤል በባቢሎን የአመጋገቡን ጉዳይ ሲያቀርብ «አሥር ቀን ፈትነን» ነው ያለው (ዳንኤል 1፥12)፤ ዘመኑ የታወቀ ፈተና ለሚያስፈቅደውም ለሚፈተነውም ይቀላል። ለዘላለም እንደሚያገለግሉ ቃል አይግቡ። አገልግሎቱ የታወቀ ሰው ወይም ቡድን የሚጠቀምበት፣ በዓይን የሚታይ ውጤት ያለው፣ በተቻለ መጠን ደግሞ መድረክ የሌለው ይሁን። ማስተማር ይችሉ እንደሆነ ለማወቅ ለሁለት ልጆች ንባብ ማስተማር ይበቃል፤ መቶ ሰው ፊት መቆም አያስፈልግም። የመምከር ስጦታ እንዳለዎት ከተገመተ በየሳምንቱ አንድ የተጨነቀ ሰው ያዳምጡ፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ምክር ላለመስጠት ይስማሙ። ማስተዳደር ከሆነ የማኅበሩን የተዝረከረከ መዝገብ ያስተካክሉ።

ድክመቱን በሚመለከት፣ መተው ብቻውን አይበቃም። ኤፌሶን 4 ላይ ያለው አሠራር አውልቆ ሌላ መልበስ ነው፤ ሌባው መስረቁን እንዲተው ብቻ አልተነገረውም፤ በእጁ እንዲሠራና ለጎደለው እንዲያካፍል ነው የታዘዘው (ቁጥር 28)። ክፉ ቃልም የሚያንጽ ቃል ይተካዋል። የእርስዎንም እንዲሁ ይጻፉ፤ ጊዜውና ቦታው የታወቀ ይሁን። «ሐሜት እተዋለሁ» ደካማ ነው። «ምሳ ሰዓት ላይ የሌለ ሰው ስም ሲነሣ ስለዚያ ሰው አንድ እውነተኛ መልካም ነገር እናገራለሁ፤ ካጣሁ ተነሥቼ ውሃ ላምጣ እላለሁ» የሚለው ይሠራል፤ ምክንያቱም ፈተናው በመጣ ሰዓት አዲስ ውሳኔ አይጠይቅም።

አምስተኛ ደረጃ፦ የግል ደንብ (ሳምንት 4)

ደንቡ ከግማሽ ገጽ አይበልጥ። ምሳሌ፦

«1. ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ጸሎት።
2. ቅዳሜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሁለቱን ልጆች ንባብ ማስተማር።
3. በቁጣ ፈንታ፦ መልስ ከመስጠቴ በፊት የሰማሁትን ደግሜ እናገራለሁ።
4. በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ማረፍ፤ በየቀኑ 7 ሰዓት እንቅልፍ።
5. ማታ 10 ደቂቃ ምርመራ፤ በየ15 ቀኑ ከአማካሪዬ ጋር አንድ ሰዓት።
ይህ ደንብ እስከ ሰባተኛው የሥራ ሳምንት መጨረሻ ይጸናል።»

አራተኛውን መስመር እንደ ትርፍ ቆጥሮ የሚሰርዝ አለ። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ሞትን ሲለምን መጀመሪያ የተሰጠው እንቅልፍና እንጎቻ ነበር፣ ያውም ሁለት ጊዜ፤ ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካሙን የእምነት ማነስ አድርጎ ይተረጉመዋል።

ደንቡን ጽፈው ሲጨርሱ፣ ከዕረፍቱና ከእንቅልፉ በቀር፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር አንድ አራተኛውን ይቀንሱ። 15 ደቂቃ ካልሆነልዎት 11 ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ሙቀት የተጻፈ ደንብ ሁልጊዜ ከአቅም በላይ ነው። ከዚያም ለአማካሪዎ ያሳዩ፤ እሱም እንዲቀንስ እንጂ እንዲጨምር አይጠይቁት።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የማታው ምርመራ (ሳምንት 5 እስከ 11)

ከመተኛት አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይሻላል፤ አልጋ ላይ ከሆነ እንቅልፍ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ አምስት ነው፦ ስለ አንድ የተወሰነ ነገር ማመስገን፣ ብርሃን መለመን፣ ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ በሰዓት መከለስ፣ ስለ ወደቁበት ይቅርታ መጠየቅ፣ ለነገ አንድ ነገር መወሰን። ምስጋናው ከፊት የተቀመጠው በምክንያት ነው። በጥፋት የጀመረ ምርመራ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራስን መደብደብ ይሆንና ሰው ደብተሩን መክፈት ይጠላል።

የተጻፈው አጭር ይሁን፦ «ማክሰኞ። ልጁ ፊደል ሲለይ ስለ ሳቀው ሳቅ ተመስገን። ከሰዓት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስነጋገር ደግሜ ሳልናገር መለስኩ፣ ድምፄ ከፍ አለ። ጌታ ሆይ ማረኝ። ነገ ጠዋት ቀድሜ ሰላም እላታለሁ።» ይህ 10 ደቂቃ አይፈጅም። የበደሉት ሰው ካለ ግን በደብተሩ ላይ ይቅርታ መጠየቅ የሰውየውን ይቅርታ አይተካም።

የሚጎድል ቀን ይኖራል። ያመለጠውን ምርመራ በማግሥቱ እጥፍ አድርገው አይክፈሉ፤ ከዛሬው ይቀጥሉ። ሦስት ተከታታይ ቀን ካመለጠ ግን ሰዓቱ ተሳስቷል ማለት ነውና ሰዓቱን ይቀይሩ፤ ራስዎን አይውቀሱ።

በሥራው ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት የሚመጣው

በዚህ ጊዜ ገደማ ነገሩ ይሰለቻል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግርዮስ ከስምንቱ ክፉ ሐሳቦች አንዱ አድርጎ ጽፎታል፦ ፀሐይ የቆመች ትመስላለች፣ መነኩሴው በዓቱን ይጠላል፣ ወንድሞቹ ፍቅር የላቸውም ይላል፣ ሌላ ቦታ ቢሆን እንደሚሻለው ያስባል። በዛሬ አነጋገር «ይህ አገልግሎት የእኔ አይደለም» የሚል ሐሳብ ሆኖ ይመጣል። ምናልባትም እውነት ይሆናል፤ ነገር ግን በመሰልቸት ቀን የሚወሰን ነገር አይደለም። ሐሳቡን ቀን ጽፈውበት በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ያስቀምጡት፣ በ12ኛው ሳምንት ይታያል። እስከዚያ ሰዓቱን መቀነስ ይቻላል፤ ማቋረጥ ግን አይቻልም።

አንድ ነገር ይለዩ። መሰልቸቱ ከአገልግሎቱ አልፎ ምግብን፣ እንቅልፍንና ሰውን ሁሉ ካስጠላ፣ ሁለት ሳምንትም ከቆየ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ የደንብ ጉዳይ አይደለም፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ በዚያው ቀን፣ ሌላው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጸሎቱ ከሕክምናው ጋር ይቀጥላል።

ሌላው በዚህ ሰሞን የሚመጣው ማነጻጸር ነው፤ አብሮ የጀመረ ሰው ፈጥኖ ሲያድግ ማየት። ጴጥሮስ በዮሐንስ 21 ስለ ሌላው ደቀ መዝሙር ሲጠይቅ ያገኘው መልስ «አንተ ተከተለኝ» የሚል ነው። በተግባር፦ ያነጻጸሩትን ሰው ስም በማታው ምርመራ ይጻፉና ስለ እሱ በስሙ ይጸልዩ። ለሰባት ምሽት ይሥሩት። ቅናቱ በአንድ ቀን አይጠፋም፣ ግን መልኩን ይቀይራል።

እምቢ ማለት

ሥራዎ ሲታይ ተጨማሪ ሥራ ይመጣል። «ሁሉ ይፈልጉሃል» ሲባል ኢየሱስ «ወደ ሌላ ስፍራ እንሂድ» አለ (ማርቆስ 1፥37-38)። በሐዋርያት ሥራ 6 ደግሞ ሐዋርያቱ የማዕዱን አገልግሎት ሳይንቁ ለሰባት ሰዎች አስረከቡ። ከዚህ የሚወሰደው አካሄድ እምቢታን ከሌላ ሰው ጥቆማ ጋር ማቅረብ ነው፦ «እስከ ወሩ መጨረሻ የያዝኩት አለ፤ እገሌን ብትጠይቁ ይችላል።» ረጅም ምክንያት አይደርድሩ፤ ምክንያት ሲበዛ ለድርድር በር ይከፍታል።

ግምገማ (ሳምንት 12)

ሁለት ሰዓት ይመድቡ፣ ደብተሩን ከመጀመሪያ ገጽ ያንብቡ። ለአገልግሎቱ ሦስት ጥያቄ ይመልሱ፦ ማን ተጠቀመ፣ በስም? ሳልታዘዝ የጨመርኩት ነገር ነበር? ነገ ቢቀርብኝ ምን ይጎድለኛል? ሁለቱ ጥሩ መልስ ካገኙ ለ6 ወር ያራዝሙ። አንዱ ብቻ ካገኘ አገልግሎቱን ይያዙ፣ ሁኔታውን ይቀይሩ፤ ሰዓቱን፣ የሰዉን ብዛት ወይም የሚያገለግሉትን ወገን። ምንም ካላገኘ በሰላም ይዝጉት፤ ሲጀመር ዘመን ስለተቀጠረለት የሚያሳፍር ነገር የለም። ለቀጣዩ 7 ሳምንት ከሦስቱ ሰዎች መልስ ሁለተኛ የነበረውን ይሞክሩ፤ የምዝገባውን ክፍል መድገም አያስፈልግም።

ለድክመቱ ግን ራስዎ አይፍረዱ። ወደ መጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ይመለሱና «ባለፉት ሁለት ወራት ስቆጣ (ወይም ስዋሽ፣ ሳማ) ያየኸው ለውጥ አለ?» ብለው ይጠይቁ። «አላየሁም» ካሉ ድክመቱን አይቀይሩ፤ በእሱ ፈንታ የተኩትን ተግባር ይቀይሩት፣ ከአማካሪዎ ጋር ተነጋግረው ይበልጥ አጭርና ቀላል ያድርጉት።

ደብተሩ የሰው ስምና በደል ስላለበት እንደ ኑዛዜ ይጠበቅ። አዲሱን ደንብ ወደ ሌላ ደብተር ከገለበጡ በኋላ የማታ ምርመራዎቹን ገጾች ቀድደው ማቃጠል ይቻላል፤ የአራቱን ዓምድ 14 ገጾች ግን ያስቀምጧቸው፣ ከዓመት በኋላ ለሚደረገው ምዝገባ ማወዳደሪያ ይሆናሉ።